የእባክዎ ሥራ

የምተዳደረው ሰው ሰውን እንዴት እንደሚለምን በመጻፍ ነው። እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ስፓኒሽ የምትናገር ሴት ውሃ እንድታቀብለው፣ ትራሱን እንድታስተካክልለት፣ መጋረጃውን እንድትገልጥለት ሲፈልግ የሚለውን ነገር አንድ በአንድ እተረጉማለሁ። ያን ሰሞን የያዝነው ሥራ ስድስት መቶ አርባ ዓረፍተ ነገር ነበር። በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አልጋ ላይ ለዋሉ ሰዎችና ለአስታማሚዎቻቸው የሚታተም ካርድ ነው፤ ፊቱ ላይ እንግሊዝኛው፣ ጀርባው ላይ ስፓኒሹ። አረጋዊው ካርዱን ያሳያል፣ አስታማሚዋ ገልብጣ ታነባለች፣ ትራሱ ይስተካከላል። ሲያወሩት ቀላል ነው። እኔ ግን አራት መቶኛው ላይ ስደርስ ‹እባክዎ› የሚለውን ቃል ባየሁ ቁጥር ያቅለሸልሸኝ ጀምሮ ነበር።

ቢሯችን ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሦስት ጠረጴዛ፣ አንድ የውሃ ማፍያ፣ ሲከፍቱት የሚያቃስት አንድ መስኮት አላት። አለቃችንን እኔና ባልደረባዬ በሌለበት ‹ድገሚው› እንለዋለን፤ ከአፉ የማይጠፋው ቃል እሱ ስለሆነ። ድገሚው የማይነቃነቅ ሕግ አለው። ማንኛውም ልመና ካርድ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሰው ላይ ይሞከራል። ተርጓሚው ዓረፍተ ነገሩን ፊት ለፊቱ ለተቀመጠው ባልደረባ በስፓኒሽ ይልለታል። ያ ባልደረባ ከልቡ መነሳት ካሰኘው ተነስቶ የተባለውን ያደርጋል፤ ካላሰኘው ቁጭ እንዳለ ይቀራል። ያልተነሱለት ዓረፍተ ነገር እንደገና ይጻፋል። በይሉኝታ መነሳት ክልክል ነው፤ ድገሚው ከፊታችን ያውቃል።

በዚህ ምክንያት ቀኑን ሙሉ መስኮት ስንከፍትና ስንዘጋ፣ መብራት ስናጠፋና ስናበራ፣ አንዲቷን ትራስ ከወንበር ወንበር ስናዞር እንውላለን። ልብስ ሰፊው አንድ ቀን ደረጃው ላይ አስቁሞኝ ጎረምሳ ታሳድጋላችሁ ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ጽሕፈት ቤት ነው ብለው አላመነኝም።

የምሞክርበት ሰው ባልደረባዬ ካፒቴኑ ነው። ካፒቴን ሆኖ አያውቅም፤ ሠላሳ ዓመት የመርከብ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር። እኔ ስፓኒሽን ከመጽሐፍ ስማር፣ እሱ የተማረው ከወደብ ዓሣ ሻጮችና ከዕቃ አውራጆች ነው። ጉልበቱን ስለሚያመው በዋዛ አይነሳም፤ ለዚህም ነው ድገሚው የቀጠረው። እሱ የተነሳለትን ዓረፍተ ነገር ማንም ይነሳለታል ይላል።

እንግሊዝኛ ደግሞ ልመና ላይ ዙሪያ ጥምጥም ይወዳል። ሰውየው የሚፈልገው ብርድ ልብስ ነው፤ ግን ‹ምናልባት ያንን ብርድ ልብስ ቢያቀብሉኝ ቅር ይልዎት ይሆን ብዬ እያሰብኩ ነበር› ይላል። አሰበ እንጂ አልጠየቀም። ይህንን እንዳለ ወደ ስፓኒሽ ካዞርኩት ካፒቴኑ ከመቀመጫው ንቅንቅ አይልም። ሲያስብ ይዋል ይለኛል። እሱ በዞረባቸው ወደቦች ሰው ‹ብርድ ልብሱን ታቀብይኛለሽ?› ብሎ ነው የሚጠይቀው፤ ድምፁን ለስለስ ያደርጋል፣ ‹ፖር ፋቮር›፣ እባክሽ ማለት ነው፣ ይጨምርበታል፣ አለቀ። ስለዚህ ሥራዬ ከመጻፍ ይልቅ መቁረጥ ሆነ። ‹ካላስቸገርኩዎ› ይቆረጣል፣ ‹ጊዜዎን መሻማቴ እንዳይሆን› ይቆረጣል፣ ‹ይቻል እንደሆነ› ይቆረጣል። መጨረሻ ላይ አንድ የተጠማ ሰው ይቀራል።

ማታ ቤቴ ስገባ ከስድስት መቶ አርባው አንዱን እንኳ የማያውቅ ሰው ይጠብቀኛል። አባባ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈረቃ አለቃ ነበር። ዕድሜውን ከማሽን ጩኸት በላይ ሲጮህ ስለኖረ ረጅም ዓረፍተ ነገር አልለመደበትም። ‹ውሃ› ይላል። ‹ትራስ› ይላል። ‹ገልብጪኝ› ይላል። ግራ ጎኑ ከከዳው አራት ዓመት ሆነው። ቀን ቀን የምትጠብቀው ሴት እኔ ስገባ ትወጣለች፤ ከዚያ እስከ ጠዋት የማነሳው፣ የማገላብጠው፣ የማጥበው እኔ ነኝ። እሱ ሲያነሱት ሰውነቱን ለቀቅ አያደርግም፤ ልክ በግድ እንደሚወሰድ ሰው ይገትራል። እየወደድኩት ነው ወገቤ የተቆረጠው።

የማህፀን እጢ እንዳለብኝ ካወቅሁ ዓመት አልፎኛል። ደሜ አንሶ የቢሮውን ደረጃ ስወጣ ሁለት ጊዜ አርፋለሁ። የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ሁለት ጊዜ ተሰጥቶኝ ሁለቱንም ጊዜ አስተላለፍኩት፤ ከዚያ በኋላ ለስድስት ሳምንት ከባድ ነገር ማንሳት አይፈቀድልኝማ፣ አባባን ማን ያንሳው? ሦስተኛው ቀጠሮ ለመጪው ሐሙስ ነበር። ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ በዚህም ከቀረሁ ወረፋዬን ለሌላ እንደምትሰጥ፣ በዚህ ደም ደግሞ እስከ ሌላ ዓመት መቆየቴን እንደማታውቅ ነገረችኝ። ነገሩ ይኸው ነበር። እስከ ሐሙስ አባባን የሚወስድልኝ ሰው ካላገኘሁ አልታከምም።

ሰው አላጣሁም። ወንድም ጋሼ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። ቁልፍ ሠሪ ነው። ቤቱ ደረጃ የለውም፣ ልጆቹ አግብተው ስለወጡ አንድ ክፍል ባዶውን ተቀምጧል፣ ትከሻው እንደ በር ነው። የሚያስፈልገኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ በቀን ሠላሳውን የምጽፍ ሴት ነኝ። ይሁንና በአራት ዓመት አንድም ቀን አልጠየቅሁትም። እደውልለታለሁ፣ ስለ ልጆቹ እጠይቃለሁ፣ ስለ ሚስቱ ደም ግፊት እጠይቃለሁ፣ አባባ ደህና ነው እላለሁ፣ እዘጋለሁ።

ለምን እንደሆነ አላጣሁትም። አባባ ከሆስፒታል የወጣ ቀን ዘመድ በተሰበሰበበት፣ ማንም ምንም ሳይለኝ፣ ‹አባባ የኔ ነው፤ ማንም አይንካብኝ፤ እኔ እያለሁ ሌላ ቤት አይገባም› ብዬ ደንፍቼ ነበር። ያንን ቃሌን መልሼ መዋጥ ሞት ሆነብኝ። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሳልጠይቀው እንዲያውቅልኝ ነበር የፈለግሁት። ሲመጣ መክሳቴን አያይም? ዓይን የለውም? እያልኩ አራት ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤበታለሁ።

አርብ ቀን ‹እርዳታ ለመጠየቅ› የሚለው ክፍል ላይ ደረስን። ድገሚው ማተሚያ ቤት ሄዶ እኔና ካፒቴኑ ብቻችንን ነበርን። ዝናብ ስለነበረ መስኮቱ ተዘግቷል፤ ክፍሉ እርጥብ ኮት ኮት ይሸታል። አራት ዓረፍተ ነገር ሞከርን። ኮቴን አቀበለኝ፣ ክንዴን ይዞ እስከ በሩ ሸኘኝ፣ የመነጽሬን ቤት ፈለገልኝ፤ አራተኛውን ቁጭ ብሎ አሳለፈው፣ እኔም አስተካክዬ ጻፍኩት። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ከአፌ ወጣ። በስፓኒሽ ነው ያልኩት። በራሴ ቋንቋ አራት ዓመት አልወጣ ያለኝ ነገር በሰው ቋንቋ እየተንከባለለ መጣ።

‹ወንድሜ፣ ሥራ እንደሚበዛብህ አውቃለሁ፣ ባለቤትህም ጤና የላትም፣ እንዲህ ያለ ነገር ልጠይቅህም አልፈልግም ነበር፣ ካልተመቸህ ከቶ እንዳትጨነቅ፣ ግን ምናልባት የሚቻል ቢሆን፣ አባባን ለጥቂት ጊዜ አንተ ጋ› አልኩና መጨረሻውን አጣሁት።

ካፒቴኑ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየኝ። ይህ ስንተኛው ነው ብሎ አልጠየቀም። ስለ አባባ በተባራሪ ወሬ ያውቃል፤ ስለ ሐሙስ ግን አልነገርኩትም ነበር።

«አልተነሳሁም» አለኝ። «የሰማሁት ይቅርታ ብቻ ነው። ወንድምሽ ብሆን ‹አይዞሽ፣ ምንም አይደለም› ብዬ እሸኝሻለሁ።»

እንደገና ሞከርኩ። አሁን ደግሞ አራት ዓመት የያዝኩት ቂም ቀድሞ ወጣ። አንተም እኮ ልጁ ነህ፣ አንድ ቀን እንኳ እንዴት ዋላችሁ ከማለት አልፈህ አታውቅም፣ አሁንስ አይበቃህም ወይ፣ አልኩት። ድምፄ ሲሰባበር ይሰማኛል። ካፒቴኑ እጁን አጣጥፎ አዳመጠኝ፤ ከመቀመጫው አልተነሳም። የተሰደበ ሰው የሚነሳው ሊወጣ ነው አለኝ።

ከዚያ በኋላ አቅም አልነበረኝም። ጠዋት ቁርስ አልበላሁም፤ ሌሊቱን አባባን አምስት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። ክርኔን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ፣ ፊቴን በመዳፌ ይዤ፣ ልብ እንኳ ሳልለው ተናገርኩ።

‹ወንድም ጋሼ፣ አልቻልኩም። ሐሙስ ቀዶ ጥገና እገባለሁ። አባባን ስድስት ሳምንት ውሰድልኝ።›

የወንበር ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ካፒቴኑ በሁለት እጁ ጠረጴዛውን ተደግፎ ቆሟል። በሩ ጋ ሄዶ እርጥብ ኮቱን ለበሰ፣ ባርኔጣውን አደረገ፣ አባባ የት እንደሚኖር ጠየቀኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ፊቱ ላይ ግን ቀልድ አልነበረም፤ እውነትም አባባን ሊወስድ የተነሳ ሰው ነበር። ሆድ ባሰኝና አለቀስኩ። ቢሮ ውስጥ አልቅሼ አላውቅም።

ልቅሶዬ እስኪወጣልኝ ድረስ ኮቱን እንደለበሰ ጠበቀኝ። ከዚያ ለእሱ ያልኩትን እዚያው እንዳለ፣ ሳላሳምረው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ለወንድሜ ሄጄ እንድለው፣ ድገሚውን እሱ እንደሚያስረዳልኝ ነገረኝ። ወንድሜ እምቢ ካለ ደግሞ እሱ ቤት አንድ ትርፍ አልጋ አለ፤ ጉልበት ግን የለም አለኝ።

በሁለት አውቶቡስ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ያችን ሦስት ዓረፍተ ነገር በራሴ ቋንቋ ስደጋግማት፣ በእያንዳንዱ ፌርማታ አንድ ‹ይቅርታ› ልጨምርባት ስል፣ መልሼ ስቆርጣት ነበር። የወንድም ጋሼ ሱቅ ከመንገዱ ዝቅ ያለች ጠባብ ቤት ናት። ግድግዳው ሙሉ ያልተቀረጸ ቁልፍ ተሰቅሎበታል፤ መሬቱ ላይ የብረት ብናኝ አለ፤ ማሽኑ ሲሠራ ሰው ለሰው አይሰማማም። ሲያየኝ ማሽኑን አጠፋና ደንግጦ ተነሳ። በሥራ ሰዓት እዚያ ሄጄ ስለማላውቅ፣ አባባ ምን ሆነ አለኝ።

«አባባ ምንም አልሆነም» አልኩት። «ወንድም ጋሼ፣ አልቻልኩም። ሐሙስ ቀዶ ጥገና እገባለሁ። አባባን ስድስት ሳምንት ውሰድልኝ።»

«እሺ» አለኝ።

ሌላ ነገር የሚከተል መስሎኝ ቆሜ ቀረሁ። እሱ ግን እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ረቡዕ ጠዋት ሱቁን ዘግቶ ከጎረቤቱ መኪና ተውሶ እንደሚመጣ፣ አልጋውን እሑድ እንደሚያዘጋጅ ይነግረኛል። ምን ዓይነት ቀዶ ጥገና እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ይህን ያህል ጊዜ ለብቻዬ በመያዜ ተቆጣኝ። እኔ ደግሞ ደስ እንደሚለኝ ጠብቄ ንዴት መጣብኝ። ይህን ያህል ቀላል ከነበረ ለምን አራት ዓመት ዝም ብለህ አየኸኝ አልኩት።

ለደንበኛ የምትሆነውን በርጩማ ወደ እኔ ገፋ አደረጋት። እስክቀመጥ ጠበቀ።

«አባባ ነግሮኝ ነበር» አለኝ። «የዛሬ ሁለት ዓመት። ቀን የምትጠብቀው ሴት ስልኩን ይዛለት። ‹እህትህ እያለቀችብኝ ነው፤ እባክህ ልጄ፣ ጥቂት ጊዜ ወስደህ አሳርፍልኝ› አለኝ።»

እባክህ። በአርባ ስምንት ዓመቴ ይህንን ቃል ከአባባ አፍ ሰምቼው አላውቅም። ሳይቸግረኝ አራት መቶ ጊዜ የጻፍኩት ቃል ነው። አባባ እኔ በሌለሁበት፣ የሰው ሴት ስልክ እየያዘችለት፣ ስለ እኔ ብሎ ለልጁ ተናግሮታል።

«አንተስ ምን አልከው?» አልኩት።

ከጠረጴዛው ላይ አንድ ቁልፍ አንስቶ አገላበጠ።

«‹ማንም አይንካብኝ ያለችው እሷ ናት፤ ራሷ ትጠይቀኝ› አልኩት።»

ከዚያ በኋላ ያወራው ሁሉ ማስተባበያ ነበር፤ ግን ውሸት አልነበረበትም። ያን ቀን በዘመድ ፊት እንደ ባዳ እንደቆጠርኩት፣ ሚስቱ ሳትቀር እንደሰማች፣ ለአባባ እንዲህ በማለቱ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ እንዳጣ፣ ግን ደውሎ ለማስተካከል አፉ እንደተሳሰረ ነገረኝ። በደወልኩ ቁጥር ዛሬስ ትጠይቀኛለች ብሎ ይጠብቃል። እኔ አባባ ደህና ነው ብዬ ስዘጋ ደግሞ ይብስበታል። ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ሁሉ አውርጄ ብበትንበት ደስ ባለኝ ነበር። ግን ግማሹ ጥፋት የኔ ነው፤ በማን ላይ ልጩህ? ሁለታችን ስንኮራረፍ መካከል ላይ የተኛው ሰውዬ ነው ሁለት ዓመት የጠበቀው። ረቡዕ በሁለት ሰዓት እንገናኝ ተባብለን ተነሳሁ። እስከ ፌርማታው ሸኘኝ።

ቤት ስደርስ ሴትዮዋ ጫማዋን እያሰረች ነበር። እሷ እንደወጣች ኮቴን ሳላወልቅ ወደ አባባ ክፍል ገባሁ። ነቅቶ ጣራውን ያያል። ሐሙስ ሆስፒታል እንደምገባ፣ ረቡዕ ወንድም ጋሼ መጥቶ እንደሚወስደው በአጭሩ ነገርኩት።

«ጠየቅሽው?» አለኝ።

«ጠየቅሁት።»

«እሺ አለሽ?»

«ወዲያው።»

ዓይኑን ከጣራው ላይ አላነሳም። ደህናው እጁ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ያጥፋል፣ ይዘረጋል።

«እኔን ወዲያው አላለኝም» አለ።

ወንድም ጋሼ ሁሉንም እንደነገረኝ ገለጽኩለት። ከዚያ ሳላስበው ድምፄ ከፍ አለ። እንዴት ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ትላለህ፣ እየተንገዳገድኩ ሳነሳህ እያየህ፣ አንዲት ቃል ብትነግረኝ ኖሮ በማግስቱ ሄጄ እለምነው ነበር፣ አልኩት። ይህንን ስል ራሱ እርግጠኛ አልነበርኩም። በማግስቱ ሄጄ ወንድሜን በመለመን ፋንታ ስልክ ደውዬ እጣላው ነበር ይሆናል።

«ምን ብዬ ልንገርሽ?» አለኝ። «ካንቺ ዘንድ ልሄድ ፈልጌ ነበር፣ ወንድምሽ ግን አልፈለገኝም ልበልሽ?»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ይህ ሰውዬ ስንት ሌሊት ‹ገልብጪኝ› እያለኝ፣ እኔም እያጉረመረምኩ ስገለብጠው፣ ይህንን በሆዱ ይዞ ነበር። ስድስት ሳምንት አጭር ነው፣ ቶሎ ያልፋል አልኩት። አውቃለሁ አለኝ። ወንድም ጋሼ ክፍሉን ከእሑድ ጀምሮ እንደሚያዘጋጅለት፣ መስኮቱ ወደ ግቢ እንደሆነ ነገርኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አየኝ።

«እዚያ ካልተፈለግሁ ቶሎ መልሺኝ» አለኝ። «አንቺው ነግረሽ መልሺኝ። እኔ ሁለተኛ አልለምነውም።»

እሺ አባባ አልኩት። ኮቴን እንደለበስኩ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቀረሁ፤ ሐሙስን ስጠብቅ ከርሜ አሁን ረቡዕ ባይመጣ ተመኘሁ።